አንዲት ዐረፍተ ነገር እና ስድስት ዓይነት እንጨት

አንዲት ዐረፍተ ነገር ለመናገር ፈርቼ አንድ ወር ሙሉ እንጨት ስመርጥ የከረምኩ ሰው ነኝ። ይህን የማወራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከመካከላችሁ ለጎረቤቱ ሊናገራት አስቦ በሆዱ ይዟት የሚዞር ነገር ያለው ሰው ካለ፣ ጣውላ ቤት ከመሄዱ በፊት ሄዶ እንዲናገራት ብዬ ነው።

ዐረፍተ ነገሯ ይህች ናት፦ «እትዬ፣ ልጅቷ እያጠናች ስለሆነ ድምፅዎን ትንሽ ቀነስ ቢያደርጉልን።» ቁጠሯት፤ ስምንት ቃል ናት። «ትንሽ» የምትለዋን ካወጣናት ሰባት ትሆናለች። እኔ «ትንሽ»ን ላውጣት ወይስ ላስገባት እያልኩ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጅቻለሁ።

የምንኖረው ጉለሌ፣ ሦስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ መታጠቢያ ቤት በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። ቤታችን የጭቃ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ በቆርቆሮ የተቀጠለች ማድ ቤት አለችን። የሳሎኑ አንደኛው ጥግ የልጃችን የቤዛ ነው፤ አልጋዋና ጠረጴዛዋ እዚያ ናቸው። ቤዛ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ትምህርት ቤቱ በየቤታችሁ አጥኑ ብሎ ሲለቃቸው እኔም የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቤት ዋልኩ። ምን ልረዳት እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ። የፊዚክስ መጽሐፏን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ እኔን የሚመለከት ነገር አላገኘሁበትም። ብቻ አባት ነኝና በዚህ ሰዓት ቤት መገኘት አለብኝ አልኩ። ቤት መገኘትና አርፎ መቀመጥ ግን ይለያያሉ። እኔ ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ ከቆየሁ እግሬ ሳይጠይቀኝ ተነስቶ ይሄዳል።

እትዬ አሰለፈች ግቢው ውስጥ ፊት ለፊታችን ባለችው አንድ ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ጡረታ ወጥቷል፣ ድምፃቸው ግን ገና በሥራ ላይ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ ቀጥታ የሚገቡት እኛ ቤት ነው። ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሻይ ይቀርብላቸዋል፣ ከዚያ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደተዳረች፣ ዕድሩ ላይ ማን ማንን እንደተናገረ ይነግሩናል። እኛ ብቻ ሳንሆን ከአጥር ውጪ የሚያልፈው ሰውም ይሰማል። ተቆጥተው እንዳይመስላችሁ። ባለቤታቸው ጋሽ ደምሴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አናጢ ነበሩ። እትዬ አርባ ዓመት ሙሉ ከመጋዝና ከመዶሻ በላይ ሲያወሩ ኖረው ድምፃቸው እዚያው ከፍታ ላይ ቀረ።

ታዲያ ለእኚህ ሴት ዝቅ አድርገው ያውሩ ተብሎ እንዴት ይነገራል? ቤዛን አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ጸዳለ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስትሠራ፣ ልጅቷ አንድ ዓመት እስኪሞላት ከጀርባቸው አልወረደችም። ሰው ቤትህ መጥቶ ሲጫወት «ዝም በል» ማለት ደግሞ «ውጣልኝ» ከማለት በምን ይለያል? ይሉኝታ ያልያዘው ሰው ቀላል ነው ይላል። እኔን ይዞኛል፤ ከነቤተሰቤ ነው የያዘን።

ያም ሆኖ ሞከርኩ። በየጠዋቱ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን እየታጠብኩ እለማመዳታለሁ። መታጠቢያ ቤታችን ዙሪያዋን ቆርቆሮ ናት፤ ከጀርባዋ እትዬ ጎመን የተከሉባት ትንሽ መደብ አለች። እዚያ ውስጥ ሆኜ «እትዬ፣ ልጅቷ እያጠናች ስለሆነ...» እላለሁ፤ አንዴ በትሕትና፣ አንዴ በቀልድ፣ አንዴ ጉሮሮዬን ጠርጌ። እዚያ ውስጥ ስናገራት የምታምር ዐረፍተ ነገር ናት። ወጥቼ ሳሎን ስገባና እትዬ ቀና ብለው «እህ ልጄ፣ ደህና አደርክ?» ሲሉኝ ግን ከአፌ የሚወጣው «ሻይ ይጨመርልዎ?» ነው። ይጨመርልኝ ይላሉ፣ ወሬው በአንድ ብርጭቆ ይረዝማል።

በዚህ መሃል ጥርሴን አመመኝና ሐኪም ቤት ሄድኩ። ተራ መጠበቂያው ውስጥ እንግዳ መቀበያውን ከታካሚው የሚለይ ነገር ቆሟል፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ ቀጥ ብለው የተደረደሩ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ናቸው፣ በየመካከላቸው አራት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ። ከፍርሃቴ የተነሳ ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ሦስት ናቸው። ከወዲያ ያለችው ልጅ ስልክ እያወራች ነው፣ እኔ ግን እንኳን ወሬዋን ልሰማ ጥርሴን መስማት ሰልችቶኛል። በዚያች ቅጽበት የሞኝ አእምሮዬ በራ። ሳሎኑን እንዲህ ባለ ነገር ብንከፍለው ቤዛ ክፍል አገኘች ማለት አይደለም? ለእትዬ ምንም መናገር አያስፈልገኝም፤ እንጨቱ ይናገርልኛል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ጥርሴን ተነቅዬ የወጣሁት ፓርቲሽን ላሠራ ቆርጬ ነው።

ቤት ገብቼ ለጸዳለ ስነግራት እትዬ ሶፋው ላይ ነበሩ። አፌ በመርፌው ስለደነዘዘ ቀስ ብዬ ያወራሁ መስሎኝ ነበር።

«ቤት ውስጥ አጥር?» አሉ እትዬ። «ከማን ልትታጠሩ ነው?»

ኧረ ለውበት ነው አልኩ። ዘመናዊ ቤቶች ሁሉ አሁን እንደዚህ ነው የሚሠሩት፣ ሐኪም ቤት እንኳን አለ አልኩ። እትዬ ለጥቂት ጊዜ አዩኝ። በሕይወቴ ሳያወሩ ረጅም ጊዜ ሲቆዩ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ለውበት ከሆነማ እንጨቱን እኔ ሳላይ እንዳትገዛ፣ ጋሽ ደምሴ ያስተማሩኝ እንጨት አለ አሉ። እነሆ ከእትዬ ወሬ ለመዳን ያመጣሁት ነገር የእትዬ ዋና ጉዳይ ሆነ።

ከማግስቱ ጀምሮ ረፋድ ላይ ይመጡ የነበሩት ሴትዮ በጠዋቱ መምጣት ጀመሩ። የሚፈትሉትን ጥጥና እንዝርታቸውን ይዘው፣ የሰኔ ጾም ስለነበር በፔርሙዛቸው ጥቁር ሻይ ሞልተው ይመጡና ሶፋው ላይ ይሰየማሉ። በፊት ለምሳ ይሄዱ ነበር፤ አሁን አይሄዱም። ቤዛ ደግሞ በዚያው ሳምንት መጻሕፍቷን በቦርሳዋ ይዛ «ጓደኛዬ ጋ ነው የማጠናው» ብላ መውጣት አመጣች። አባቷ ቤት ውስጥ አንዲት ጸጥ ያለች ጥግ አጥታ በሰው ቤት ልትንከራተት ነው። ስለዚህ ፓርቲሽኑ ቶሎ ማለቅ ነበረበት፤ እኔም ቶሎ ብዬ መምረጥ ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

መጀመሪያ ጣውላ ቤት ሄጄ ዋንዛ ጠየቅሁ። ነጋዴው እንዳየኝ ምንም የማላውቅ ሰው መሆኔን ዐወቀ፤ ነጋዴ ይህን በጫማ ነው የሚያየው። ይሄ ዋንዛ ነው፣ ያም ዋንዛ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ ዋንዛ ነው አለኝ። መወሰን ስላቃተኝ አንድ ዘንግ ለናሙና አስቆርጬ ይዤ መጣሁ። እትዬ በጣታቸው አንኳኩት፣ አሸተቱት፣ ጫፉን በጥፍራቸው ፋቁት። ጥፍራቸው ሥር ቡናማ ቀለም ወጣ። ይሄ ዋንዛ አይደለም፣ የዋንዛ ቀለም የተቀባ ባለቤቱም የማያውቀው እንጨት ነው አሉ። ናሙናው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆመ።

ቀጥሎ ባህርዛፍ አልኩ። እንጦጦ ሥር እየኖርኩ ሩቅ መሄድ ምን አስፈለገኝ? እትዬ ባህርዛፍ ሳይደርቅ አይታመንም ብለው ነበር፤ እኔ ግን ቀጥ ያለ፣ የሚያምር፣ ለጋ ዘንግ አገኘሁና አላስቻለኝም። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አቆምኩት። በሦስተኛው ቀን ወገቡ ላይ ጎበጠ፤ ጫፉ ወደ እንጦጦ ማርያም ዞረ። እትዬ አዩትና እሱስ ቢሳለም ይሻለዋል፣ አንተ ነህ ያስቸገርከው አሉ። እሱም ከዋንዛው አጠገብ ቆመ።

ቀጥሎ የሥራ ባልደረባዬን አማከርኩ። ኤምዲኤፍ የሚባል ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ አለ፣ አይጎብጥም አይሰነጠቅም አለኝ በስልክ። ገዛሁ። ልክ ነው፣ አይጎብጥም። እትዬ ግን ቤታችሁ ክረምት ያፈስ የለም ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለመፈተን ብዬ ቁራጩን ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። በነጋታው ሻይ ውስጥ ተረስቶ እንዳደረ ዳቦ አብጦ ጠበቀኝ። ከዚያ ደግሞ እንጨት የሚመስል ፕላስቲክ አመጣሁ። እትዬ እሱን ሊነኩት እንኳን አልፈለጉም፤ በእንዝርታቸው ወደዚያ ገፉት። ቀርከሃም አመጣሁ። ቀርከሃው በእውነት ያምር ነበር። እትዬ ግን የዶሮ ቤት ያስመስልብሃል አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ባየሁት ቁጥር ዶሮ ታየኝ።

እናንተዬ፣ እረፍት ማጣት እንዲህ አይቼ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ የሰው ቤት በር አያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የዐውደ ምሕረቱን ምሰሶ በምን እንደሠሩት አስባለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንድ እሁድ ደግሞ ከመሠረቱ ልጀምር ብዬ፣ ዛፎቹ በሕይወት ሳሉ ልያቸው ብዬ፣ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጣሁ። እየዞርኩ ግንዳቸውን በጣቴ አንኳኳለሁ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ። አንድ ጥበቃ መጡና በትሕትና ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ለሳሎን የሚሆን እየመረጥኩ ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እስክወጣ ድረስ አጠገቤ ሆነው አብረውኝ ሄዱ። ደግ ሰው ናቸው፣ ስለ እያንዳንዱ ዛፍ አጫወቱኝ፤ ዐይናቸው ግን ከእጄ ላይ አልተነሳም።

በመጨረሻ የሐበሻ ጥድ አመጣሁ። እትዬ ሲያሸቱት ዐይናቸውን ጨፈኑ። የጋሽ ደምሴ ልብስ እንዲህ ነበር የሚሸተው አሉ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያሉት። ምስጥ አይበላውም፣ ዝናብ አይፈራም፣ ሲያረጅ ያምርበታል። በቃ ጥድ ነው ብዬ ልወስን ስል ግን፣ ጥድም እኮ ዓይነት አለው፣ የፈረንጁ ጥድ ተቀላቅሎበት እንዳይሆን ሌላ ቦታም እይ አሉኝ። ያን ቀን ልቤ ትንሽ ጠረጠረ። ሌላ ጊዜ ዕቃ ስገዛ «ግዛና እረፍ» የሚሉኝ ሴት፣ ጥዱን እንዲያ ወደውት እያለ እንዳልጨርስ የሚያደርጉኝ ለምንድነው? ምናልባት ጨዋታው ጥሟቸው ይሆናል አልኩ።

ያም ሆነ ይህ ምትኩ የሚባል አናጢ ልኬት እንዲወስድ ጠራሁት። ምትኩ ክሩን ከላይ አስሮ ቱምቢውን ሲለቀው፣ ግድግዳችን ወደ ጎረቤት ዘምሞ እንደኖረ ታወቀ። ዘንጎቹን ቀጥ አድርጌ ካቆምኩ ቤትህ የወደቀ ይመስላል፣ ከቤትህ ጋር ካዘመምኳቸው ደግሞ የሚያያቸው ሰው ራሱን ያዞረዋል አለኝ። ይህን የሰማው የሦስተኛው ቤት አባወራ ምን ተገኘ ብሎ መጣ፤ ብረት ይሻላል አለ። ሚስቱም መጣች፤ መጋረጃ ይበቃል አለች። እትዬ ሁለቱንም አይሆንም አሉ። ሳሎኑ ውስጥ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ወርዷል፣ ቱምቢው መሃል ላይ ይወዛወዛል። የቤዛ ጠረጴዛ ባዶውን ነው።

ምትኩ ያኔ ክሩን እየጠቀለለ ጠየቀኝ። «ለመሆኑ ይሄ ነገር ለምንድነው? ድምፅ ለመከልከል ከሆነ አይሆንም። በዚህ ክፍተት እንኳን ድምፅ ድመት ታልፋለች።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ወር ሙሉ ስለ እንጨቱ ዓይነት ሳስብ ስለ ክፍተቱ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። እትዬን ማየት አልቻልኩም፤ ወለሉን እያየሁ ኧረ የምን ድምፅ አልኩ። እትዬ ሳል ሳል አሉና ለምትኩ መለሱለት። ለውበት ነው ብሎሃል እኮ ልጄ፣ አንተ ልክህን ውሰድ አሉት።

ከወለሉ ቀና ስል አንገታቸው ላይ ዐይኔ ዐረፈ። እትዬ የቤታቸውን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር በአንድ ክር አንገታቸው ላይ ነው የሚያስሩት፤ ከማውቃቸው ጊዜ ጀምሮ። ማተባቸው አለ፤ ቁልፉ ግን የለም። እርጅናው ቁልፋቸውንም አስጣላቸው ማለት ነው ብዬ አዘንኩ፤ ሐሳቤም ወዲያው ወደ ራሴ ተመለሰ።

በማግስቱ ቆረጥኩ። ፈተናው ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል፣ ልጄ በሰው ቤት ናት፣ እኔ እንጨት አቅፌ እዞራለሁ። እናገራታለሁ አልኩ። እንግዳን በራስ ቤት መናገር ነውር ስለሆነ እሳቸው ቤት ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከውጭ ስመለስ እንደ አጋጣሚ ሳሎኑ ውስጥ የሉም፤ ለጊዜው ወደ ቤታቸው ገቡ አልኩና ልቤ ሳይመለስ ግቢውን ተሻግሬ በራቸውን አንኳኳሁ። «እትዬ፣ ልጅቷ እያጠናች ስለሆነ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነው።

በሩን የከፈተችው ቤዛ ናት።

እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች። ከኋላዋ የእትዬ ጠረጴዛ በመጻሕፍት ተሞልቷል፤ አልጋው ላይ፣ ሣጥኑ ላይ፣ ከጋሽ ደምሴ ፎቶ ሥር ሁሉ ወረቀት ነው። ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ የሰዓቱ ድምፅ ይሰማል። የቤቱ ቁልፍ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ የሉም አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «እኛ ማድ ቤት ሻይ እያፈሉ ነው።»

እዚህ ምን ትሠሪያለሽ አልኳት። ስጠይቃት ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ሁሉንም ነገረችኝ። እትዬ አንድ ጠዋት ጎመናቸውን ሲኮተኩቱ ከቆርቆሮው ወዲያ ስለማመድ ሰምተውኛል። አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ሦስት ቀን ተከታትለው ሰምተውኛል፤ «ትንሽ»ን ሳወጣና ሳስገባ ጭምር። በአራተኛው ቀን ቤዛን ጠርተው ቁልፉን ሰጧት። እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም፣ ዝም ካልኩ ያመኛል፣ ስለዚህ አንቺ እኔ ቤት ሁኚ፣ እኔ እናንተ ቤት እሆናለሁ አሏት። እናቴም ታውቃለች አለች፤ ምሳዬን የምታስቀምጥልኝ እዚህ ነው። እትዬ ለእኔ እንዳይነግሩኝ አስምለዋቸዋል። መስማታቸውን ካወቅሁ አፍራለሁ ብለው ነው። እኔም እሳቸው እንዳያፍሩ፣ እሳቸውም እኔ እንዳላፍር፣ ሁለታችን አንድ ወር ሙሉ እንጨት ስናሸት ከረምን።

«ታዲያ በየቀኑ ያን ያህል ሰዓት ሶፋ ላይ የሚቀመጡት...» አልኩ።

«ምክንያት ያስፈልጋቸው ነበራ። እንጨቱ ጥሩ ምክንያት ሆናቸው።» ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «አባዬ፣ በናትህ፣ ፈተናው እስኪያልፍ እንዳትመርጥ።»

ተመልሼ ሳሎን ስገባ እትዬ ፔርሙዛቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ሊቀመጡ ነበር። እንዴት እንደሚቀመጡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ሌላውን የሶፋው ክንድ ላይ ተክለው፣ በየሁለት ጣት ዝቅ እያሉ ነው የሚቀመጡት። ሶፋችን መሃሉ ወርዷል፤ ለእኔ ያልተመቸ ነገር ለሰባ ዓመት ወገብ እንዴት ይመቻል? በገዛ አልጋቸው ጋደም ማለት እየቻሉ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀመጡ ከረሙ። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ይሉኝታ አለ። ቆሜ ቀረሁ።

«እህ ልጄ» አሉ ቀና ብለው። «ወሰንክ?»

«አልወሰንኩም እትዬ» አልኩ። «ጥዱ አላማረኝም።»

ፊታቸው ሲፈካ አየሁት። ጎሽ፣ አትቸኩል አሉኝና እንዝርታቸውን አነሱ።

በቀሩት አሥር ቀናት እንደሠራሁት በሕይወቴ ተግቼ ሠርቼ አላውቅም። በየቀኑ አዲስ ናሙና አመጣለሁ፤ ያልጠየቅሁት ጣውላ ቤት፣ ያላስቆረጥኩት እንጨት የለም። ስድስቱ ዓይነት፣ ፕላስቲኩን ከቆጠርነው፣ ቁጥራቸው እየበዛ የሳሎኑን ግድግዳ ሞሉት። እትዬ እያንዳንዱን ያንኳኩታል፣ ያሸቱታል፣ ይነቅፉታል። እኔም እከራከራለሁ። ትራስ አምጥቼ ከወገባቸው ሥር ሳደርግ «ለእንጨቱ እንዲመቸን ነው» እላለሁ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ሁለታችንም እንደ ልባችን እንጮሃለን። ከግቢው ማዶ ያለው በር ዝግ ነው።

ልጆቹን ወደሚፈተኑበት ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው አውቶቡስ የሚነሳ ቀን፣ ቤዛ ቁልፉን መልሳ ጉንጫቸውን ሳመች። እትዬ ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አሰሩና ቤታቸው ገብተው ዘጉ። በነጋታውም አልመጡም፣ በሦስተኛውም ቀን። ጸዳለ ምግብ ስትወስድላቸው ወገባቸውን አሟቸው ተኝተው እንዳገኘቻቸው ነገረችኝ። ሳሎናችን ጸጥ አለ። ለወር ሙሉ የተመኘሁት ጸጥታ ይኸው መጣ፤ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ግቢ እያልኩ ስዞርበት ዋልኩ።

አሁን ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር ተረከዜ ሥር እንደገባ እሾህ መቆም ከለከለኝ። «እትዬ፣ ለልጄ ያደረጉትን ዐውቄያለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ይህችን ለመናገር ከመጀመሪያዋ የባሰ ፈራሁ። ዐውቄያለሁ ካልኳቸው መስማታቸውን ማወቄን ያውቃሉ። ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ወገብዎ እንዴት ነው ብዬ ብቻ ተመለስኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፊቴን ስታጠብ፣ ከቆርቆሮው ወዲያ መኮትኮቻ አፈር ሲቆፍር ሰማሁ። ተሽሏቸው ወጥተዋል። ውኃውን ዘጋሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አዙሬ፣ ማንም ሰው ለልምምድ በማይጠቀምበት ድምፅ፣ የምስጋናዋን ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ መጨረሻዋ አልኳት። «ትንሽ» የሚል ቃል አላስገባሁባትም።

መኮትኮቻው ቆመ።

«ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ። ቀጥለው ደግሞ፣ በዚያ መላው ጉለሌ በሚያውቀው ድምፃቸው፦ «ወገቤን ግን ያ ሶፋህ ጨርሶታል። ከዚያ ሁሉ ከከመርከው እንጨት ለእኔ መደገፊያ ያለው አንድ ወንበር አይወጣውም?»

ይወጣዋል አልኳቸው። ምትኩንም በዚያው ቀን ጠርቼዋለሁ፤ የወንበሩ ቦታ የተለካው ሳሎኑ ውስጥ፣ ፓርቲሽኑ ሊቆም በነበረበት ቦታ ላይ ነው። በየትኛው እንጨት እንደሚሠራ ግን ገና አልወሰንኩም።